የወዲያኛው ጫፍ

ወረቀቱ እንደገና ሲበጠስ ሹሄይ ከወረቀት ማምረቻው ማሽን ወለል በታች፣ ኬብል በሚያልፍበት ቦይ ውስጥ በደረቱ ተኝቶ ነበር። መበጠሱን በዓይኑ አላየም፤ ሰማው እንጂ። ከላይ አንድ ወጥ ሲያጓራ የዋለው ማሽን ድምፁ ይሰበራል፣ የሠራተኞች ጫማ ወለሉን እየደበደበ ይሮጣል፣ ከዚያ ሁሉም ጸጥ ይልና የሃማዛኪ ሳል ብቻ ይሰማል። ሃማዛኪ የፈረቃው አለቃ ነው። ሲናደድ አይጮህም፤ ይስላል።

ቦዩ ጠባብ ነው። የገባ ሰው መዞር አይችልም፤ ወይ እስከ መጨረሻው ይሳባል፣ ወይ ወደ ኋላ እየተንፏቀቀ ይወጣል። ሹሄይ ደግሞ ልክ መሃሉ ላይ ነበር። አፍንጫው ሥር ራሱ የዘረጋው ኬብል ተኝቷል፤ ግራጫ፣ ቀጥ ያለ፣ በወግ በወጉ የታሰረ። በጣቱ እየዳበሰ ቢሄድ እንከን አላገኘበትም። ከላይ ያለው ወረቀት ግን ይህን አያምንም። ማሽኑ ዝግ ብሎ ሲሄድ ወረቀቱም ደህና ይሄዳል። ፍጥነት ሲጨመር የወረቀቱን ውጥረት የሚለካው መሣሪያ ያበደ ቁጥር ይልካል፣ መቆጣጠሪያው ያንን አምኖ ይጎትታል፣ ወረቀቱ ይበጠሳል።

ለፋብሪካው ይህ ራስ ምታት ነው፤ ያልፋል። ለሹሄይ ግን የሕይወት ጉዳይ ነበር። ይህ ሥራ ያለ ነውር ካለቀ የሚስቱ አባት ሊለቁት ቃል ገብተውለታል።

ሊለቁት ሲባል ሰውየው በሰንሰለት የታሰረ እንዳይመስል። የታሰረው በስም ነው። የተወለደው ኦቺ ሹሄይ ተብሎ፣ ከባሕሩ ማዶ ባለችው የመንደሪን ደሴት ላይ ነበር። ቺናሚን ሲያገባ የቶሪጎኤ ቤት ወንድ ልጅ ስላልነበረው ሙሽራው ሙሽሪት ቤት ገባ፤ የአባቱን ስም ትቶ ቶሪጎኤ ሹሄይ ተባለ፤ ከቤቱ ሥር ያለውን የመቆጣጠሪያ ፓነል ወርክሾፕ ሊወርስ። "ሦስት ስኒ የሩዝ እብቅ እንኳ ያለው ሰው የሚስቱን ቤት ደጃፍ አይርገጥ" ይላሉ የደሴቷ ሽማግሌዎች። ሹሄይ ያኔ ሁለተኛ ልጅ ነበርና እብቁም የታላቅ ወንድሙ ነበር። እየሳቀ ገባ።

ታላቅ ወንድሙ ካቻምና ሞተ። እናቱ እርከኑ ላይ ከመንደሪን ዛፎቿ ጋር ብቻዋን ቀረች። ስትደውል ና አትለውም። የታችኛውን እርከን ለዱር አሳማዎች ተውኩላቸው፣ እነሱስ ምን ይብሉ ትላለች፣ ከዚያ ስለ አየሩ ታወራለች። ና ብትለው ይሻለው ነበር፤ እምቢ ማለት ይቻላል። አሳማዎቹን እምቢ ማለት ግን አይቻልም።

በአዲሱ ዓመት ሰሞን፣ የበዓሉ የሩዝ ኬክ ገና ሳያልቅ፣ ሹሄይ አማቱ ፊት ተንበርክኮ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ አደረገና ለመነ። ቶሪጎኤ ኢዋኦ ሲናገሩ አይቸኩሉም። ሻያቸውን ጠጥተው ጨረሱ። ከዚያ የወረቀት ማሽኑን ሥራ አብረን ያለ ነውር እንጨርስ፣ ከዚያ ሚስትህን ይዘህ ሂድ፣ ስምህንም ውሰድ አሉት። ወርክሾፑን ይዘጋሉ፤ እሳቸው ለቀሪ ዕድሜያቸው የሰፈሩን ማብሪያና ማጥፊያ እየጠገኑ ይኖራሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በዚህች በወረቀት በምትኖር ከተማ ደግሞ ሁሉም ሰው ከሁለቱ አንዱ ነው። ሽማግሌው ግን ለቀቁ። ሹሄይ በዚያ ምሽት ቺናሚን ኩሽና ውስጥ አቅፎ አለቀሰ፤ እሷም አለቀሰች፣ ግን ቶሎ ፊቷን ጠረገችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያኔ ነገሩን ልብ አላለውም።

አሁን ቦዩ ውስጥ ተኝቶ ያሰበው ያንን ቃል ነበር። ያለ ነውር።

ወደፊት ተሳበ።

የዚህ ሥራ ሚስጥሩ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ማክበሩ ነው። መለኪያው የሚልከው መልእክት ደካማ ነው፣ በዙሪያው ያሉት ትልልቅ ሞተሮች ደግሞ ጎረቤት እንደማያስተኛ ሰካራም ናቸው። ስለዚህ መልእክቱን የሚሸከሙት ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ይጠማዘዙና ከላይ ከቀጭን መዳብ የተጠለፈ መረብ ይለብሳሉ። መረቡ ጩኸቱን ተቀብሎ ወደ መሬት ያወርደዋል። ታዲያ መረቡ ከመሬት ጋር የሚታሰረው ባንዱ ጫፍ ብቻ፣ በመቆጣጠሪያው ሳጥን በኩል ነው። በወዲያኛው ጫፍ፣ በመለኪያው በኩል፣ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ይለብስና ልቅ ይተዋል። በሁለቱም ጫፍ ከታሰረ፣ እዚህ ያለው መሬትና እዚያ ያለው መሬት እኩል ስላልሆነ፣ የባዘነ ኤሌክትሪክ በመረቡ ውስጥ እየተመላለሰ መልእክቱን ይበጠብጠዋል። ጠባቂው ራሱ ሌባ ሆነ ማለት ነው።

ኢዋኦ ይህን በወጣትነታቸው የተማሩት መርከብ ከሚሠራበት ግቢ ነው። የኬብሉን ቆዳ ሲገፍፉ ቢላዋቸው አንዲት የመዳብ ክር አይነካም። መረቡን በቀርከሃ ስንጥር እያበጠሩ ይከፍቱታል፣ ሁለቱን ሽቦዎች በጎን ያወጣሉ፣ መረቡን ጠምዝዘው ጭራ ያደርጉታል፣ ከዚያ የጭራውን ሥር በሰም በታሸ ክር አንዲት የመርከበኛ ቋጠሮ ያስሩበታል። ቋጠሮዋን ሹሄይ ለዓመታት ሞክሮ አልሆነችለትም። እሱ እንደ ዘመኑ ሰው በፕላስቲክ ማሰሪያ ነው የሚያስረው፤ ሽማግሌው ባዩት ቁጥር ከንፈራቸውን ይመጣሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጥቆማው አለ። ሥራውን የጨረሰ ሰው የሠራውን በጣቱ ጠቁሞ፣ ጮክ ብሎ ተናግሮ፣ "ደህና" ሳይል እጁን አያነሳም። ሁለት ሰዎች በሁለት ጫፍ ሲሠሩ ደግሞ አንዱ በሬዲዮ መገናኛው ይጣራል፣ ሌላው ቃል በቃል ይመልሳል። ወዲህኛው ጫፍ እስር፣ ደህና። ወዲያኛው ጫፍ ልቅ፣ ደህና። ሹሄይ ጀማሪ በነበረበት ጊዜ ኢዋኦ ከጥሪው በኋላም ኬብሉን ተከትለው መጥተው የእሱን ጫፍ በዓይናቸው ያዩ ነበር። የኢዋኦን ጫፍ ሄዶ ያየ ግን የለም። አማትህ "ደህና" ካሉ በኋላ ሄደህ ማየት በአደባባይ ውሸታም እንደማለት ነው።

ይህም ኬብል የተዘረጋ ዕለት እንዲሁ ነበር የሆነው። ሹሄይ በሳጥኑ በኩል፣ ኢዋኦ በመለኪያው በኩል። የሽማግሌው ድምፅ በሬዲዮው የጠራ፣ የረጋ፣ እምነት የሚጣልበት ሆኖ መጣ። ወዲያኛው ጫፍ ልቅ፣ ደህና። ሹሄይም ሦስት ፎቅ ከፍ ብሎ፣ ያላየውን ነገር በጣቱ እየጠቆመ፣ መለሰ።

ከቦዩ መጨረሻ ሲወጣ ጉልበቱ ተልጦ ነበር። መለኪያው ካለበት ከትልቁ ተንከባላይ ሥር ተቀመጠና የትንሿን ሳጥን ክዳን በካቻቢቴ ፈታ። ባትሪውን አበራ።

የመዳቡ ጭራ ከመሬት ብሎኑ ጋር ታስሯል። ጥብቅ ብሎ፣ አምሮ፣ ሥሩ ላይ በሰም የታሸ ክር ተቋጥሮ። ከቋጠሮዋ አንዲት ክር አላፈነገጠችም። እንደዚህ ያማረ ሥራ ሹሄይ ከማንም እጅ አይቶ አያውቅም፤ የተሠራው ግን መሠራት በሌለበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። እንከኑ ተገኘ፣ ደሴቲቱም ተገኘች ብሎ ልቡ ዘለለ። ከዚያ ደስታው እዚያው አፉ ውስጥ መረረ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። ሽማግሌው በዚህ ብሎን ላይ ጣታቸውን ደግነው፣ ያሰሩትን እያዩ፣ ልቅ ነው ብለው ተጣርተዋል። አልዋሹም። ዋሽተው አያውቁም። እጃቸው አንድ ነገር ሠርቶ አፋቸው ሌላ ነገር ተናገረ፣ በመሃሉ ያለው ሰውዬ ለጥቂት ጊዜ አልነበረም።

ሹሄይ ባትሪውን አጥፍቶ ጨለማው ውስጥ ተቀመጠ። ወዴት ይሂድ? እውነቱን ቢናገር ኢዋኦ በከተማው ፊት ያረጁ ናቸው፤ ያረጀ አማትን፣ አእምሮው የሚጠፋበትን ሰው፣ ጥሎ ወደ ደሴት የሚሄድ አማች ደግሞ አልተፈጠረም፤ ቢፈጠርም ቺናሚ አትከተለውም። ጥፋቱን በራሱ ላይ ቢያደርግ ሥራው ያለ ነውር አላለቀም፤ ቃሉም ፈረሰ። በሁለቱም በር ሞከረ፤ ሁለቱም ተዘግተዋል። እናቱ በዚያ ጫፍ፣ ይህ ቤት በዚህ ጫፍ፣ እሱ መሃል ላይ እየተበጠበጠ። አማቱን ጠላቸው። በዚያች ቅጽበት አጥብቆ ጠላቸው፤ ለምን ወይ ቀደም ብለው ወይ ዘግይተው እንዳላረጁ እያሰበ።

ከዚያ ቆረጠው። ጭራውን ከነቋጠሮው ቆርጦ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ የቀረውን አጠፈ፣ ቱቦውን አልብሶ በትንሿ የጋዝ ነበልባል አኮማተረ። በልማዱ ጠቁሞ "ወዲያኛው ጫፍ ልቅ፣ ደህና" አለ። ድምፁ እዚያው ብረቱ ሥር ቀረ።

ማሽኑ ተነሳ። ፍጥነቱ ተጨመረ፣ እንደገና ተጨመረ። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ፣ ሳያቅማማ ወረደ። የሃማዛኪም ሳል ቆመ።

ነገር ግን በዚያ ፋብሪካ ያለ ምክንያት የተቃና ነገር እንዳልተቃና ይቆጠራል። ሠራተኛው ሁሉ ሄልሜቱን እንዳጠለቀ ከማሽኑ ፊት በግማሽ ክብ ቆመ፣ ኢዋኦም ከሹሄይ ጎን ቆሙ፣ ሃማዛኪም ምን እንደነበር ጠየቀ። ሹሄይ የወዲያኛው ጫፍ ታስሮ እንደነበር ተናገረ። ወጣቶቹ ተያዩ። ይህ የጀማሪ ስህተት ነው።

"ማን ነው ያሰረው?" አለ ሃማዛኪ።

ሹሄይ ወደ አማቱ ዞረ። ኢዋኦ ዓይናቸውን በእሱ ላይ አድርገው፣ አንገታቸውን ትንሽ አስግገው ይጠብቁ ነበር። ተንኮል የለበትም፣ ልመና የለበትም፤ እሳቸውም እንደሌላው ሰው ማወቅ ይፈልጋሉ። ሹሄይን የሰበረው ይህ ነው። ፍርሃት ቢያይባቸው ኖሮ ምናልባት ዝም ይል ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ።

ሃማዛኪ ግንባሩን ቋጠረ። "አንተ በሳጥኑ በኩል አልነበርክም እንዴ? በዚህ በኩል ጋሼ ቶሪጎኤ ነበሩ።"

"በማግስቱ ላስተካክል ብዬ ገብቼ ነው። ሳላስብ አሰርኩት።"

ውሸት እግር አወጣ፤ መራመድም ጀመረ። ኢዋኦ እጃቸውን የሹሄይ ማጅራት ላይ አሳርፈው አብረው ጎነበሱ። ከእሱ ይልቅ ዝቅ አሉ። የቤቴ እጅ ነው የተሳሳተው፣ የኔ እጅ ነው ብለው ቆጥራችሁ ይቅር በሉን አሉ። የሽማግሌው እጅ እስኪነሳ ድረስ ሹሄይ ወለሉን እያየ ቆየ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ቫኑን የነዳው ሹሄይ ነው። ባሕሩ በቀኝ በኩል አብሮ ሄደ፣ ደሴቶቹም በጭጋጉ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ይሉ ነበር። ኢዋኦ ረጅም ጊዜ ተናገሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ልብህ ደሴቲቱ ላይ ስለሆነ እጅህ እዚህ አልነበረም አሉት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉት። ሃያ ጊዜ ያስተማርኩህን እንዴት ትረሳለህ ሲሉ ሹሄይ መሪውን አጥብቆ ያዘ። ደረቱ ኪስ ውስጥ ያለችው ቋጠሮ ክብደቷ እንደ ድንጋይ ሆነበት። አውጥቶ ጉልበታቸው ላይ ቢወረውራት ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር።

"ደሴቲቱ የትም አትሄድም" አሉ በመጨረሻ። "እንደዚህ ሆነህ ብለቅህ ስሜን ታሰድባለህ፣ የአባትህንም ስም ታሰድባለህ። አንድ ዓመት ጠብቃት።"

"እሺ አባባ" አለ ሹሄይ።

ቋጠሮዋን ያገኘቻት ቺናሚ ናት። የሥራ ልብሱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ በጣቷ ይዛ አወጣቻት፣ ወደ ብርሃኑም አስጠጋቻት። የቤቱ ልጅ ናትና ምን እንደሆነች መንገር አላስፈለገም።

"አባባ የራሱን ስም ቢረሳ እንኳ ይህችን አይረሳም" አለች። "ለምን እኔ ነኝ አልክ?"

"ምን ልበል? አባትሽ አርጅተዋል ልበል? ከዚያስ ማን ጥሏቸው ይሄዳል?"

ቺናሚ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ወርክሾፑ ውስጥ ሽቦዎቹ ላይ የሚገቡትን የቁጥር ቱቦዎች የምታትመው እሷ ናት። ከመከር ጀምሮ፣ አለች፣ አባቷ ቱቦዎቹን ሲያስገቡ ቁጥሩን ይገለብጡታል፤ አንዳንዴ ያለፈውን ሥራ ቁጥር ያስገባሉ፤ አንድ ቀን ባዶ ቱቦ በተርታ አስገብተው፣ ጠቁመው፣ ደህና ብለው ተነሱ። እሷ ከኋላቸው እየሄደች ስታስተካክል ከርማለች። ለማንም አልተናገረችም።

"ለኔ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ትሄድ ነበር?"

ሹሄይ ቋጠሮዋን ከጣቷ ወስዶ ማሽኑ ላይ አስቀመጣት። ያኔ ኩሽና ውስጥ ፊቷን ቶሎ የጠረገችው ለምን እንደሆነ አሁን ገባው። ሳያውቅ እንዲሄድ ነው የፈለገችው፤ ሳያውቅ ቢሄድ ጥፋት አይሆንበትም፤ የእሷ ጥፋት ብቻ ይሆናል። አብራው ሄዳ፣ ይህን ተሸክማ፣ በመንደሪኑ ዛፎች መሃል ዝም ብላ ልትኖር። ተናደደባትም፣ አዘነላትም፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላወቀም። አሁን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ያወቁትንም ነገር መልሰው ማጣት አይችሉም። ቺናሚ ተነስታ ልብሱን ማሽኑ ውስጥ ከተተችና ውሃውን ለቀቀችበት።

ቋጠሮዋ ማጠቢያው ማሽን ላይ ተረሳች። በማግስቱ ቺናሚ ስትፈልጋት አላገኘቻትም። ከማሽኑ ኋላ ወድቃ ይሆናል ተባብለው ተዉት።

እናቱ በዚያ ሰሞን ስትደውል የመንደሪኑ አበባ ሽታ ቤት ድረስ እንደሚገባ፣ ለመተኛት እንደሚያስቸግር ነገረችው። መቼ ነው የምትመጣው ብላ አልጠየቀችም። ሥራ በዝቶብኝ ነው አላት። ሥራ መብዛቱ ጥሩ ነው አለችው፣ እንደ አገሬው ሁሉ፣ ከልቧ።

ዝናቡ ሲገባ ከከተማው በላይ ባለው የውሃ ማጣሪያ ትንሽ ሥራ ያዙ። የወንዙን ከፍታ ከሚለካው መሣሪያ እስከ መቆጣጠሪያው ቤት ኬብል ዘረጉ። እንደ ወትሮው ሹሄይ በሳጥኑ በኩል፣ ኢዋኦ ወንዙ ዳር፣ በወዲያኛው ጫፍ ሆኑ። ሹሄይ ሥራ ሲከፋፈሉ ሽማግሌውን በሳጥኑ በኩል ሊያስቀምጣቸው ሰበብ ሲፈልግ አድሮ ነበር፤ ዝናብ ነው፣ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ጉልበትዎ። ኢዋኦ ሳይሰሙት የዝናብ ካፖርታቸውን ለብሰው ወርደዋል።

ሹሄይ የራሱን ጫፍ አሰረ፣ ጠቆመ፣ ተጣራ። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ እንደ ጥንቱ የጠራና የረጋ ሆኖ መጣ።

"ወዲያኛው ጫፍ ልቅ፣ ደህና።"

መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። ዕድሜውን ሁሉ የመለሰው መልስ ነው፤ ከአፉ ለማውጣት ማሰብ አያስፈልግም፤ ግን ዋጠው።

"ይቆዩኝ አባባ" አለና ሬዲዮውን አስቀመጠ።

ኬብሉን ተከትሎ ወረደ። ዝናቡ አንገቱ ውስጥ ገባ። ሄዶ ማየቱ ብቻ አማቱን አላምንዎትም ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ይህን ያህል ዓመት በአንድ ማዕድ በልተው እንዲህ ያለ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ቢመለስና ደህና ቢል ወንዙ ሲሞላ ቁጥሩ ይዘባረቃል፣ ታች ያለው ሰፈር በውሃ ይነቃል። ቀጠለ። ታስሮ ቢያገኘው ምን እንደሚል፣ በምን ሰበብ አስታኮ እንደሚቆርጠው፣ እያሰበ ነበር የወረደው።

ኢዋኦ ከተከፈተችው ሳጥን ፊት ቁጢጥ ብለው ነበር። ፒንሳቸው ጉልበታቸው ላይ ተቀምጧል። የመዳቡ ጭራ አልታሰረም፤ አልተቆረጠም፤ አልታጠፈም። ምንም አልተነካም። በግራ መዳፋቸው ላይ ከማጠቢያው ማሽን የጠፋችው ቋጠሮ አለች፤ የዝናብ ጠብታ ሰሙ ላይ ተቀምጦባታል።

"መጣህ" አሉ።

"መጣሁ።"

"ትመጣ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው።" ቋጠሮዋን በአውራ ጣታቸው አገላበጧት። "ይህችን ያሰርኳት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አያስራትም። ያሰርኩበትን ቀን ግን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ማሽኑ ፊት እኔ ነኝ ስትል አምኜህ ነበር፤ ከልቤ ነው የተቆጣሁህ።"

ሹሄይ ይህን ቀን ብዙ ጊዜ አስቦታል፤ ሽማግሌው ይክዳሉ፣ ይቆጣሉ፣ ወይም ያለቅሳሉ ብሎ። በሐሳቡ ውስጥ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አንድ በር ይከፈት ነበር። እውነት ከወጣ በኋላ ሰው ቀለል ይለዋል ይባላል። እውነቱ ወጣ፤ እሱ ግን ጭራሽ መተንፈሻ አጣ።

"ከእንግዲህ ድምፄን አትመን" አሉ ኢዋኦ። ቀና ብለው አላዩትም። "ደህና ባልኩ ቁጥር መጥተህ እይልኝ። ሁልጊዜ። ይህን ቺናሚም እንዳትሰማ።"

ቺናሚ ቀድማ እንደምታውቅ ሊነግራቸው አፉ ላይ ደረሰ፤ መለሰው። አማቱ በሕይወት ዘመናቸው ከእሱ የለመኑት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ትእዛዝ ቢሆን ኖሮ፣ አንድ ቀን፣ እንደምንም፣ እምቢ ሊለው ይችል ነበር። ስለ ደሴቲቱ አላነሱም። ሹሄይም አልጠየቀም። ወንዙ ማዶ ያለው ኮረብታ በዝናቡ ተሸፍኖ፣ ከኮረብታው ወዲያ ያለው ባሕርም አይታይም ነበር።

"እሺ አባባ" አለ።

ከጎናቸው ቁጢጥ አለና ፒንሳውን ከጉልበታቸው ላይ አነሳ። ጭራውን ቆረጠ፣ አጠፈ፣ በካፖርቱ ጫፍ ከዝናቡ ከልሎ ቱቦውን አኮማተረ። ሽማግሌው እያንዳንዷን ነገር በዓይናቸው ተከተሉ። ሹሄይ ጣቱን ዘርግቶ ጠቆመ።

"ወዲያኛው ጫፍ ልቅ፣ ደህና።"

ከዚያ በልማዱ መልሱን ጠበቀ። ኢዋኦ ወገብ ላይ ያለው ሬዲዮ ዝም አለ። በሳጥኑ በኩል ሰው አልነበረም፤ መልሱን የሚሰጠው የዚያኛው ጫፍ ሰው እሱ ራሱ ነበር።